ኤልደን ሪንግ፦ ፈረሰኛው አላሳልፍ አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

ፍኖተሰላሜው

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ከረማችሁ። ከፍኖተ ሰላም ነኝ። ያገለገለ ፒኤስ 4 ገዛሁና የሸጠልኝ ልጅ ሁለት ፊፋና አንድ ኤልደን ሪንግ መረቀልኝ። ኤልደን ሪንጉን ሲያቀብለኝ "በል እንግዲህ፣ አንተ ቻለው" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ማታውኑ ገባኝ።

ለጌም አዲስ አይደለሁም። ፊፋ በሰፈራችን የሚችለኝ የለም፣ ጂቲኤም ጎድ ኦፍ ዋርም ጨርሻለሁ። ይሄኛው ግን መጀመሪያው እንኳ ጠፋኝ። ገና ሲከፈት ብዙ ክንድ ያለው ጭራቅ መጥቶ ጨረሰኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ከመቃብር ቤቱ ወጥቼ ትልቁን በር ስገፋው አገሩ ሁሉ ተዘረጋ፤ ከሩቅ የወርቁ ዛፍ ያበራል፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከፊት ለፊቴ ወርቅ የለበሰ ፈረሰኛ ሲንጎራደድ አየሁ። የመረጥኩት ገጸ ባሕርይ ሳሙራይ ነውና ሰይፌን መዝዤ ሄድኩበት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላየሁም፤ እነሳለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ረግጦኝ ያልፋል።

እና ወገኖች፣ ማቅለያ የሚባል ነገር የለውም? ሴቲንጉን አገላብጬ አጣሁት። ሌቭልስ የት ነው የሚጨመረው? ሳሙራይን ልተወው? ሌላው ጭንቀቴ መብራት ነው፤ እዚህ ሳይናገር ነው የሚሄደው፣ ሴቭ ማድረጊያም አላገኘሁበትም። ዋይፋይ የለኝም፣ ከዲስኩ ብቻ ነው የምጫወተው። በእግዜር "ትለምደዋለህ" ብቻ ብላችሁ እንዳትሸኙኝ።

ጌምቤት_ማርቆስ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድምየ። እኔ ደብረ ማርቆስ ጌም ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ ፊፋ ነው፤ ጥግ ላይ ያለችው አንዷ ቴሌቪዥን ግን የኔ ናት፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ኤልደን ሪንግ ይከፈትባታል። ታዲያ የፊፋ ልጆች ተራ ሲጠብቁ "ጋሸ እስቲ ልሞክረው" ይሉኛል፤ ሁሉም አንተ የቆምክበት ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ የያዘህን በሽታ አውቀዋለሁ።

ፈረሰኛውን ተወው።

ትሪ ሴንቲኔል ይባላል። ይሄ ጨዋታ የተዘጋ መንገድ ሲያሳይህ "ዙር" እያለህ ነው፣ ይህንንም ገና ከደጃፉ ጀምሮ ነው የሚነግርህ። የኛ አገር ሰው ደግሞ እልኽ ይወዳል፣ "ወንድ ልጅ ወደ ኋላ አይልም" ብሎ እዚያው ያነጋል። እኔ እንዳየሁት ጨዋታውን ጥለው የሚሄዱት ልጆች እጃቸው አያንስም፣ እልኻቸው ነው የሚጥላቸው። ያቃተህን ሁሉ ትተኸው ሂድ፣ ጠንክረህ ተመለስ፤ የትም አይሄድብህም። ማቅለያ አጣሁ ላልከው ልክ ነህ፣ ኢዚ ኖርማል ሃርድ የሚባል ምርጫ አልተሠራለትም። ያለው ማቅለያ ዞሮ መሄድ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከጭራቁ በኋላ ስትነቃ ወንበር ላይ የተቀመጠ መንፈስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አግኝተህ ነበር? ወደዚያ ጉድጓድ ዘለህ ካልገባህ መለማመጃውን ዘለኸዋል ማለት ነው። እንዴት እንደሚከለል፣ ከጀርባ እንደሚወጋ፣ ጎንበስ ብሎ እንደሚኬድ እዚያ ነው የሚታየው። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፣ ተመልሰህ ግባበት። ጭራቁ ራሱ ሊገድልህ የተቀመጠ ነው፣ እሱ አያሳፍርህ።

ቀጥሎ ከትልቁ በር ስትወጣ ኤል ሦስትን ተጭነህ ጎንበስ በልና ፈረሰኛውን በሩቁ፣ በዛፎቹ በኩል እለፈው። ፊት ለፊት ጣሪያዋ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ኤሌ ይሏታል። ካሌ የሚባል ነጋዴ እሳት ዳር ተቀምጧል። በ300 ሩን (የጨዋታው ገንዘብ ነው፣ ሌቭልም የሚጨመረው በሱ ነው) ክራፍቲንግ ኪት፣ የዕቃ መሥሪያውን፣ ግዛው፣ ቀስት የምትሠራው በሱ ነው። አደራህን አር አንድን፣ የመምቻውን ቁልፍ፣ እንዳትጫንበት፤ አንዴ ከመታኸው ይጣላሃል፣ ሲጣላህ ደግሞ አያያዙ የነጋዴ አይደለም።

ከኤሌ መንገዱን ይዘህ ወደ ሰሜን ውጣ። ጌትፍሮንት የሚባል ወታደር የሰፈረበት ፍርስራሽ ታገኛለህ። መንገድ ላይ የምታያቸውን የወርቅ ብርሃኖች፣ ግሬሶቹን፣ ማረፊያዎቹን ማለቴ ነው፣ አንዱንም ሳትነካ እንዳታልፍ። ሜዳ ላይ ያሉትን ሦስት ከነካህ ሜሊና የምትባል ሴት ትመጣለች። እሷ ሳትመጣ ሌቭል የሚባል ነገር የለም፤ ፍለጋ የደከምከው ለዚህ ነው። "እሺ" በላት፣ ፈረስም ትሰጥሃለች። እዚያው ጌትፍሮንት መንገድ ዳር ከቆመው ድንጋይ ላይ የሊምግሬቭን፣ የምትጀምርበትን አገር፣ ካርታ አንሳ፣ ከፍርስራሹ ሥር ባለው ምድር ቤትም ሳጥን አለ፣ ክፈተው።

ፈረሱን ካገኘህ በኋላ ማታ ኤሌ ተመለስ። ግሬስ ላይ ቁጭ ብለህ ሰዓቱን ማሳለፍ ትችላለህ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ግድግዳው ላይ ተቀምጣ ትጠብቅሃለች፤ ደወልና የተኩላ መንፈስ ትሰጥሃለች። ሦስት ተኩላ ከጎንህ ሲሰለፍ ጠላትህ አንተን ብቻ ማየት ይተዋል። ይሄን ያለፈ ሰው ጨዋታውን ያለ ረዳት ነው የሚጫወተው።

ከዚህ በኋላ የወርቁ ጨረር ወደ ቤተ መንግሥቱ ይመራሃል። አትስማው፣ ቢያንስ አሁን አትስማው። ወደ ደቡብ ውረድ። ዊፒንግ ፔኒንሱላ የሚባል አገር አለ፣ ጠላቱ ቀለል ያለ፣ ያልተነካ ሀብት ያለበት። ሦስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳክረድ ቲር ታገኛለህ፣ ሊምግሬቭ ላይ ደግሞ ሦስተኛዋ የማሪካ ቤተ ክርስቲያን ሌላ አንድ አላት። ሳክረድ ቲር ቀዩ ፍላስክህ፣ የመድኃኒት ብልቃጥህ፣ በአንድ ጉንጭ የሚመልስልህን ደም ይጨምረዋል። ትንንሽ የወርቅ ዛፍ ካየህ ሥሩ ጎልደን ሲድ አለ፣ እሱ ደግሞ የፍላስኩን ቁጥር ይጨምራል። ስትጀምር ያለህ አራት ነው፣ ሦስት ቀይ አንድ ሰማያዊ (ሰማያዊው ለአስማት ነው)፤ ግሬስ ላይ ሁሉንም ቀይ ማድረግም ይቻላል።

አሁን ወደ ሌቭሉ። የጌም ቤቴ ልጆች ሩን ሲያገኙ ሁሉንም ስትሬንግዝ (ጉልበት) ወይ ዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) ላይ ያፈሱታል፣ "አንዴ ልምታው እንጅ" እያሉ። ቪጎር ላይ፣ የደምህ መጠን ላይ ማለት ነው፣ ጨምር። የሳሙራይ ቪጎር ሲጀምር 12 ነው፤ 20 እስኪሆን ሌላ ነገር አትንካ፣ ኋላ ኋላ ደግሞ እስከ 40 አድርሰው። የያዝከው ኡቺጋታና ስትሬንግዝ 11 እና ዴክስተሪቲ 15 ነው የሚፈልገው፣ ሁለቱንም ከመነሻው ይዘሃል። ምቱ እንዲከብድልህ ከፈለግህ ሌቭሉን ትተህ ሰይፉን አጠንክረው። ኤሌ ውስጥ የብረት መምቻው አለ፣ እስከ ፕላስ 3 ያደርስሃል፤ ለዚያ በድምሩ 12 የማጠንከሪያ ድንጋይ፣ "ስሚዚንግ ስቶን [1]" የሚባለው፣ ያስፈልግሃል። ድንጋዩን ከአጊል ሐይቅ በስተሰሜን ካለው የሊምግሬቭ ማዕድን ዋሻ ግድግዳ ላይ ትለቅመዋለህ። ሌቭል ሳይጨምር ሰይፉን ብቻ ፕላስ 3 ያደረሰ ልጅ ልዩነቱን በመጀመሪያው ወታደር ላይ ያየዋል።

ስለ ውጊያው ብዙ ማለት ይቻላል፣ አንዱን ብቻ ልንገርህ፣ የፊፋ ጣት ይዘህ ስለመጣህ። ባለፈው አንድ ጎበዝ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ከጎኑ ሆኜ ጆይስቲኩን አይ ነበር። ወታደሩ ሰይፍ ሲያነሳ ልጁ ክቡን፣ የመንከባለያውን ቁልፍ፣ ጧ ጧ ጧ አደረገው። አንዴ ተንከባለለ፣ አመለጠ። ግን ጨዋታው የተጫንከውን ይይዛል፤ ልጁ ጣቱን ካነሳ በኋላም ሰውየው ደግሞ ተንከባለለ፣ ሁለተኛው ላይ ሰይፉ አገኘው። "ጋሸ ጆይስቲክህ ተበላሽቷል" አለኝ። ጆይስቲኩ ደህና ነው። አንዴ ተጫን፣ ጠብቅ፣ ሰይፉ ሲወርድ ነው እንጅ ሲነሳ አትንከባለል። ለመምታትም እንዲሁ፤ አንድ ወይ ሁለት ምታና ውጣ። አረንጓዴዋ የትንፋሽ መስመር ባዶ ስትሆን መሸሻ የለህም። ክብደትህንም እይ፤ ከመሸከም አቅምህ 70 ከመቶ በታች ካልሆነ እንደ ድንጋይ ነው የምትወድቀው፣ ካልሆነልህ ቆቡን ወይ ጓንቱን አውልቅ።

ሳሙራይን አትቀይር። ሰይፉ ደም ያፈሳል፣ ቀስት አለህ፣ ኤል ሁለትን ይዘህ አር አንድ ስትጫን የሚወጣው ምት ብዙ ወታደር ባንዴ ይጥላል።

የጣና_ልጅ

ጋሸ ማርቆስ፣ ሁሉንም ብለኸዋል፣ በሳሙራዩ ግን አልስማማም። ገና በር ላይ ላለ ሰው አዲስ ገጸ ባሕርይ መክፈት ምን ያስከፍለዋል? ልጁ አስትሮሎጀር፣ አስማተኛውን፣ ይጀምር። ባሕር ዳር እኛ ግቢ ውስጥ የጨረስነው አብዛኞቻችን እንደዚያ ነን። ከሩቅ ሆነህ ግሊንትስቶን ፔብል የሚባለውን አስማት ትለቅበታለህ፣ ሳይደርስብህ ያልቃል። ሰማያዊ ፍላስክ ማብዛት ብቻ ነው ያለብህ። ሌቭሉ ከ6 ስለሚጀምር እንዳትደነግጥ፣ ቶሎ ይደርሳል። ያ ፈረሰኛ ራሱ በፈረስ ሆነህ ከሩቅ ስትለቅበት ያን ያህል አይደለም።

ጌምቤት_ማርቆስ

ባሕር ዳሮች አስማት ትወዳላችሁ። ይሁን፣ ሊሆን ይችላል። ግን በአስማት የጀመረ ልጅ ጠላት አጠገቡ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ሰማያዊው ሲያልቅበት በትሩን ይዞ ይቆማል። ተንከባልሎ መግባትና መውጣትን ቀድሞ የለመደ ሰው አስማቱን በኋላ ቢጨምረው ይሻለዋል። ያም ሆነ ይህ ልጁ ይምረጥ፣ በዚህ አንጣላም።

ሞጣዋ

የመብራቱን ጥያቄ ሁላችሁም ዘላችሁት በሰይፍና በበትር ትከራከራላችሁ። ወንድሜ፣ ሴቭ ማድረጊያ ያጣኸው ስለሌለው ነው። ራሱ እየጻፈ ነው የሚሄደው፤ ዕቃ ስታነሳም፣ ግሬስ ላይ ስታርፍም፣ ስትሞትም። እኛ ጋ መብራት መሄድ ብርቅ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ሲመጣ የቆምኩበት አካባቢ ነው የሚያስነሳኝ። የሚያስፈራው በሚጽፍበት ቅጽበት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ መቻሉ ነው። ስለዚህ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ከሜኑው ኩዊት ጌም ብለህ ውጣ፣ አትሰስት። ፒኤስ 4ህ ላይ አካውንት ካለህ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ የሚለውን ከፍተህ ወደ ፍላሽ ቅዳው። እኔ እሑድ እሑድ እቀዳለሁ።

እናትህ ስትጠራህ ወይ ቡና ሲቀርብ የሚቆም መስሎህ ሜኑ ከፍተህ እንዳትሄድ፣ ጨዋታው አይቆምም፣ ስትመለስ ሞተህ ትጠብቃለህ። ኢንቬንተሪውን ከፍተህ ሄልፕ ውስጥ ሜኑ ኤክስፕላኔሽን የሚለውን ከመረጥክ ግን ቀጥ ይላል። ማን እንዳሰበው አላውቅም፣ ይሠራል።

ከዲስኩ ብቻ የምትጫወት ከሆነ አንድ ነገር እወቅ። ጨዋታው የወጣው የካቲት 18 ቀን 2014 ነው፣ በጨዋታው የምታናግራቸው ሰዎች የት እንዳሉ ካርታው ላይ የሚያሳየው ምልክት ደግሞ ከወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአፕዴት የመጣ ነው። አፕዴት ካላደረግህ ያ ምልክት የለህም። ደብተር ያዝ። ማንን የት አገኘህ፣ ምን ለምኖህ ነበር፣ ጻፈው፤ እነዚህ ሰዎች አንዴ ነግረውህ ዝም ነው የሚሉት። የኔ ደብተር ግማሹ የወንድሜ የፊዚክስ ኖት ነው፣ ግማሹ ሊምግሬቭ።

ፍኖተሰላሜው

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሸ እንዳልከው አደረግሁ። ሜሊና መጣች፣ ፈረስ ሰጠችኝ፣ ተኩላዎቹንም አገኘሁ፣ ቪጎር 16 ደርሷል። ሳሙራይን አልቀየርኩም፣ ቀስቱ ተመቸኝ።

አሁን ግን ጉድ ሆኛለሁ። ሐይቁ አጠገብ የተቃጠለ ፍርስራሽ ነበር፣ ምድር ቤት ወርጄ ሳጥን ከፈትኩ፣ ጭስ ወጣና አፈነኝ። ስነቃ የሆነ ዋሻ ውስጥ ነኝ። መርፌ የሚተፉ ትልልቅ ነፍሳት አሉ፣ በአንድ ይገድሉኛል። ፈረሱ አይመጣም፣ ካርታውም መጓዝ አልፈቅድም አለኝ። 3,000 የሚጠጋ ሩን መሬት ላይ ፈሶ ቀርቷል። ዲስኩን አውጥቼ ፊፋ ልክተት?

የጣና_ልጅ

😂😂😂 ካሊድ ገባህ! እንኳን ደስ አለህ፣ ሁላችንንም ወስዶናል ያ ሳጥን።

ጌምቤት_ማርቆስ

ይሄን ሳላስጠነቅቅህ የቀረሁት የሰው ፊት ማየት ስለምወድ ነው፣ ጥጓ ቴሌቪዥን ላይ ያ ጭስ ሲወጣ ፊፋው ሁሉ ይቆማል።

ዋሻው ካሊድ የሚባል አገር ውስጥ ነው፣ ላንተ ገና ነው። ከነፍሳቱ ጋር አትዋጋ፣ አንዱንም። ዋሻ ውስጥ እያለህ መጓዝ አይቻልም፣ ከአፉ ስትወጣ ግን ይፈቅድልሃል። ጎንበስ ብለህ ጀምር፣ ካዩህ ቀና ብለህ ሩጥ፣ መውጫው አካባቢ ግሬስ አለ፣ ነካ አድርገህ ውጣ። ውጭ ስትሆን ሰማዩ ቀይ ነው፣ እንዳትጎበኝ፣ ካርታውን ክፈትና ወደ ኤሌ ተመለስ። የፈሰሰው ሩን መንገድህ ላይ ከሆነ አንሳው፤ ካልሆነ እርሳው። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። ሩኑን ሳታነሳ ዳግም ከሞትክ የፊተኛው እስከወዲያኛው ይጠፋል፤ እሱን ብሎ ሲሮጥ ደግሞ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆናል፣ መልቀሙ ከተሳካ። 3,000 ሩን በስተደቡብ በአንድ ማታ ይመለሳል።

ከወጣህ በኋላ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ዊፒንግ ፔኒንሱላ ውረድ። ድልድዩ ላይ ትልልቅ ቀስት የሚተኩስ መሣሪያ አለ፣ በፈረስ ሸምጥጠህ እለፈው፣ አትቁም።

ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ማርጊት የሚባል በትር የያዘ ቀንዳም ሽማግሌ ይጠብቅሃል፤ ስለሱ አሁኑኑ ልንገርህ፣ ኋላ እልኽ ገብተህ ከምትጽፍልኝ። ማርጊት በትሩን አንስቶ ይቆያል። ያነሳል፣ ያቆየዋል፣ አንተ ትንከባለላለህ፣ ከዚያ ያወርደዋል። የፊፋ ጣት የሚያልቀው እሱ ላይ ነው። ከደጀን አባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ፍሬን ላይ እንደማይቸኩል አንተም ክቡ ላይ አትቸኩል፣ ክንዱ መውረድ ሲጀምር ብቻ። ርቀህ ፍላስክ ስትጠጣ ቢላዋ ይወረውራል፣ ስለዚህ በጣም አትራቅ፣ ወደ ጎኑ ተጠጋ። ደሙ ሲቀንስ የብርሃን መዶሻ ያወጣል፣ ያኔ ቸኩለህ አትግባ፣ ዘሎ ከወረደ በኋላ ሁለት ምታና ውጣ።

ሁለት ረዳት አለህ። ከጭጋጉ በር ፊት መሬት ላይ የወርቅ ጽሑፍ ታያለህ፣ ሮጂየር የሚባል ሰው ነው፣ ጥራው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ተኩላዎቹንም አስወጣ። ሦስተኛም ልጨምርልህ፦ መርክዎተር የሚባል ዋሻ ውስጥ ፓችስ የሚባል አጭበርባሪ አለ፣ ሲዋጋህ ቆይቶ "ማረኝ" ይላል። ማረው። ሱቅ ይከፍትልሃል፣ በ5,000 ሩን የማርጊትን ሰንሰለት ይሸጥልሃል። በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ያስረዋል፣ ያን ጊዜ ያለህን ሁሉ ምታው።

ሞጣዋ

ፓችስን የገደለው ካለ ደግሞ አይዞህ፣ ያለ ሰንሰለቱም ማርጊት ይሞታል። እኔ ገድየዋለሁ፣ ፓችስን ማለቴ ነው፣ ሳቁ አላስችል አለኝ።

ፍኖተሰላሜው

ወጣሁ! ሩኑን ትቼው ሮጥኩ። ግሬሱን ነካሁ፣ ኤሌ ነኝ። ጋሸ፣ የሳጥኑን ነገር ግን ማርቆስ ስመጣ እንነጋገራለን። አሁን ወደ ደቡብ እየወረድኩ ነው፤ ሦስቱ ቤተ ክርስቲያኖች ካርታው ላይ ይታያሉ ወይስ መፈለግ ነው?

ጌምቤት_ማርቆስ

የዚያን አገር ካርታ መጀመሪያ አንሳ፣ መንገድ ዳር የቆመ ድንጋይ ላይ ነው። ካነሳህ በኋላ ካርታውን አቅርበህ ተመልከት፣ የፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታያለህ። ፒልግሪሜጅ፣ ካሉ፣ አራተኛዋ ማሪካ። በዚሁ ሂድባቸው፣ ማርቆስ ስትመጣ ጥጓ ቴሌቪዥን ያንተ ናት፣ ሒሳብ የለም።